ስንት እንደምከፍል ንገሩኝ

ሥራዬ የሰው ሂሳብ መያዝ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ከአንድ የመኪና መለዋወጫ መደብር በላይ ባለች ጠባብ ክፍል እሠራለሁ፤ ቤቴ ግን ደሴ ነው፤ ጠዋት ቁልቁለቱን ወርጄ ማታ ዳገቱን እመለሳለሁ። ደንበኞቼ ስማቸው በጋዜጣ የሚወጣ ድርጅቶች አይደሉም። ዳቦ ቤት፣ ብሎኬት ማምረቻ፣ የጨርቅ ሱቅ፣ እህል ነጋዴ፣ ሁለት አይሱዙ ያለው ሰው። ስለ ኢኮኖሚ ፍልስፍና ጠይቀውኝ አያውቁም። ሐምሌ ሲገባ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ዘንድሮ ስንት ይሆንብኛል?" ሕጉን አንብቤ፣ መዝገባቸውን ዘርግቼ፣ ደማምሬና ቀናንሼ እንኳ በእርግጠኝነት መመለስ ያቃተኝ ዓመት ብዙ ነው። የምጽፈው ከዚያ ንዴት ተነሥቼ ነው።

ነጻ ገበያን እደግፋለሁ ስል ሰዎች ሁለት ዓይነት ፊት ያሳዩኛል። አንዱ ወገን "ግብር ይቅር ባይ ነሽ ማለት ነው" ይለኛል። ሌላው ደግሞ፣ ዘይት በአንድ ሳምንት ሲንር "ምን እናድርግ፣ ነጻ ገበያ ነው" የሚሉትን ሹሞች ስለሚያስታውስ ከእነርሱ ጋር ይደምረኛል። ከሁለቱም አይደለሁም። ግብር መከፈል አለበት፤ ካልተከፈለ እኔም ሥራ የለኝም። የምለው ይህ ነው፦ ነጋዴ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት መንግሥት ከእርሱ ምን እንደሚወስድና ምን እንደሚከለክለው ማወቅ አለበት። ምጣኔው 25 ይሁን 30 በመቶ ለእኔ ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

ይህን ከእኔ በፊት ያሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ። የስኮትላንዱ የኢኮኖሚ ሊቅ አዳም ስሚዝ በ1776 እ.ኤ.አ. ስለ ግብር ካስቀመጣቸው አራት መርሆች አንዱ እርግጠኝነት ነው፤ የሚከፈለው መጠን፣ ጊዜውና አከፋፈሉ ለከፋዩም ለሌላውም ሰው ግልጽ ይሁን ይላል። አለፍ ብሎም ግብሩ ለሰው ሁሉ እኩል አለመሆኑ እንኳ መጠኑ ሳይታወቅ የመቅረቱን ያህል እንደማይጎዳ ይናገራል። ምክንያቱም መጠኑ ያልታወቀ ግብር ከፋዩን በሰብሳቢው መዳፍ ላይ ይጥለዋል፤ ከመዳፍ ለመውጣት ደግሞ ሰው የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቃለን። የቱኒዙ ተወላጅ የታሪክ ሊቅ ኢብን ኻልዱን ከስሚዝ አራት መቶ ዓመት ቀድሞ፣ መንግሥታት በጉብዝናቸው ጊዜ ከትንሽ ግብር ብዙ ገቢ እንደሚያገኙ፣ ሲያረጁ ግን ከብዙ ግብር ትንሽ ገቢ እንደሚያገኙ ጽፏል። ይህን ለእህል ነጋዴው ደንበኛዬ ለሐጂ ስነግራቸው ሥራቸውን ሳያቆሙ "ልጄ፣ ይህን ለማወቅ ቱኒዝ መወለድ አያስፈልግም" አሉኝ።

የቀን ገቢ ግምትን በቅርብ ያላየ ሰው ክፋቱ አይገባውም። አሠራሩ በወረቀት ላይ ሲታይ ሥርዓት ነበረው። እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ መዝገብ የማይዝ አነስተኛ ነጋዴ ዘንድ ገማቾች ይመጡ፣ የቀን ሽያጩን ይገምቱ፣ ያ ቁጥር በዓመቱ የሥራ ቀናት ይባዛ፣ ለዘርፉ በተቀመጠው የትርፍ መቶኛ ይሰላ፣ ግብሩ ይወጣ ነበር። ከመጀመሪያው ቁጥር በኋላ ያለው ሁሉ የአራተኛ ክፍል ሂሳብ ነው። ጉዱ ያለው የመጀመሪያው ቁጥር ላይ ነው።

ደሴ ውስጥ ዳቦ ቤት ያላት ደንበኛ አለችኝ። ገማቾቹ የመጡባት በዓረፋ ዋዜማ ነበር። በዚያ ቀን ከደጇ የተነሣው ሰልፍ አስፋልቱ ድረስ ደርሷል። ሰልፉን አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ጻፉ። እርሷ ዱቄት የለበሰ እጇን እያወናጨፈች "ይህ ሁሉ ሰው ዳቦ ሊገዛ የመጣ አይደለም እኮ! ድፎውን ከቤቱ አቡክቶ ሊያስጋግር የመጣ ነው" ትላለች። እውነቷን ነው። ሰልፈኛው ሁሉ ትሪ ተሸክሟል፤ ሊጡ በኮባ ተሸፍኖ፣ እንዳይለዋወጥ የባለቤቱ ስም በቁራጭ ወረቀት ላይ ተጽፎ። እርሷ የምትቀበለው የማስጋገሪያውን ብቻ ነው፤ ዱቄቱም እርሾውም ጥቁር አዝሙዱም የባለትሪው ነው። ከገማቾቹ አንዱ፣ ወጣት ልጅ፣ ነገሩ ሳይገባው አልቀረም፤ ቆም ብሎ ትሪዎቹን ሲያይ ነበር። ይሁንና የያዘው ቅጽ ላይ የሰው ሊጥ ስለመጋገር የተተወ ቦታ የለም። ያለው "የቀን ሽያጭ" ነው። በዓሉ አለፈ፤ መብራት በየሳምንቱ የሚጠፋበት ወር መጣ፤ ሰው ዳቦ መግዛት ቀነሰ። ያ የዋዜማ ቁጥር ግን የዓመቱ ሁሉ ቁጥር ሆኖ ቀረ።

ቅሬታ አቀረብን፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ትንሽ ቀነሱላት። በምን ስሌት እንደጨመሩባት እንዳልነገሩን ሁሉ በምን ስሌት እንደቀነሱላትም አልነገሩንም። "ተመስገን በይ" አሏት። እኔን ያንገበገበኝ ይህች ቃል ናት፤ ግብር የሕግ ጉዳይ ከሆነ ተመስገን ምን አመጣው? ከዚያ በላይ ወዳለው የግብር ይግባኝ ለመሄድ ደግሞ ካከራከረው ግብር ግማሹን አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል። ጉዳዩን ሳትረታ ግማሹን ከፍላ ልትከራከር ነው። ተወችው።

በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ይኸው የቀን ገቢ ግምት አዲስ አበባና የኦሮሚያ ከተሞች ውስጥ ሱቅ እስከማዘጋት የደረሰ ቁጣ ማስነሣቱ አይረሳም። ያን ጊዜ ምጣኔው አልጨመረም። እንዲያውም ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነጻ የሆነውን የወር ገቢ ከ150 ወደ 600 ብር አሳድጎ ነበር። ሰው የተቆጣው በሕጉ አይደለም፤ ሱቁ ገብቶ ዓይቶት በሚወጣ ሰው ዓይን ነው።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ደረጃ ሐ የሚባለውን፣ በግምት ይከፍል የነበረውን የአነስተኛ ነጋዴ ምድብ አስቀርቶ፣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነው ነጋዴ በጠቅላላ ሽያጩ ላይ እንዲከፍል አድርጓል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ቀላል ነገር ደግሞ እወዳለሁ። ነገር ግን ሽያጭ ትርፍ አይደለም። ስኳርና ዘይት የሚቸረችር ሱቅ ከመቶ ብር ሽያጭ ጥቂት ብር ቢተርፈው ነው። ልብስ ሰፊው ደንበኛው ባመጣው ጨርቅ ላይ ስለሚሠራ ክሩንና መብራቱን ካነሣን የቀረው የእጁ ዋጋ ነው። ሁለቱ እኩል ሸጠው እኩል ሲከፍሉ ልብስ ሰፊው ከትርፉ ይከፍላል፤ ባለስኳሩ ከመደቡ ይቆርሳል። ደግሞስ ያ ጠቅላላ ሽያጭ ደረሰኝ በማይቆረጥበት ሱቅ በምን ይታወቃል? ዞረን ዞረን እዚያው ገማቹ ደጅ እንዳንመለስ እፈራለሁ። ቢሆንም፣ ምጣኔው በሕግ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ የሚችል መሆኑ ብቻውን የሰልፍ ቆጠራን ይበልጣል።

ደመወዝተኛው "የእኔማ ግብር የታወቀ ነው፣ ከእጄ ሳይገባ ይቆረጣል" ይል ይሆናል። እስኪ የእህቴን ባል እንይ፤ መምህር ነው። ከ2008 ዓ.ም. እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ከ10,900 ብር በላይ ያለው የወር ደመወዝ የመጨረሻው ከፍተኛ ምጣኔ፣ 35 በመቶ፣ ይቆረጥበት ነበር። አዋጁ በወጣ ጊዜ 10,900 ብር ወደ 500 ዶላር ይጠጋል፤ የከበርቴ ደመወዝ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ያው ገንዘብ ከ100 ዶላር በታች ወረደ። በቤት ኪራይና በጤፍ ዋጋ ሲመነዘርም ታሪኩ ያው ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድም ምክር ቤት "ግብር እንጨምር" ብሎ እጅ አላወጣም፤ አንድም ጋዜጣ "ግብር ጨመረ" ብሎ አልጻፈም። ግብሩ ግን በየዓመቱ ጨመረ። ማሻሻያው ነጻውን ወለል 2,000 ብር አድርጎታል። 2,000 ብር ዛሬ ስንት እንጀራ እንደሚገዛ ለአንባቢ ትቼዋለሁ።

የአሜሪካ ግዛቶችን ጉዳይ መከታተል የጀመርኩት ከዚህ የተነሣ ነው። አምሳ ግዛቶች በአንድ ገንዘብ ይገበያያሉ፣ በመካከላቸው ጉምሩክ የለም፣ እያንዳንዳቸው ግን የራሳቸው የግብር ሕግ አላቸው። ዘጠኙ፣ ቴክሳስና ፍሎሪዳን ጨምሮ፣ ደመወዝ ላይ የግዛት ግብር አይጥሉም። አንዱ ሲሞክር ሌላው ያያል። ኮሎራዶ በ1992 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ድምፅ አንድ ደንብ በሕገ መንግሥቷ ውስጥ አስገባች፤ የግዛቷ ገቢ ከዋጋ ንረትና ከሕዝብ ቁጥር ዕድገት ድምር በላይ ካደገ ትርፉ ለከፋዩ ይመለስ፣ ግብር መጨመር ያማረው ሹም ደግሞ ሕዝቡን በድምፅ ይጠይቅ የሚል። ገንዘቡ በጠበበ ጊዜ፣ በ2005 እ.ኤ.አ.፣ ሕዝቡ ራሱ ለአምስት ዓመት ተመላሹ ይቆይ ብሎ ፈቀደ። ደንቡ ትምህርት ቤቶችን አስርቧል የሚሉ ተቺዎች አሉ፤ ክርክሩ አላለቀም። እኔን የማረከኝ ግን "ተጠየቁ" የሚለው ነገር ነው። የእህቴን ባል ማን ጠየቀው?

የእኛም ሕገ መንግሥት በዚህ በኩል ያን ያህል የተለየ አይደለም። አንቀጽ 96፣ 97 እና 98 ግብርን ለፌዴራል፣ ለክልል እና ለጋራ ብለው ያከፋፍላሉ፤ የግለሰብ ነጋዴው፣ የገበሬው፣ የክልሉ መሥሪያ ቤቶችና የግል ድርጅቶች ሠራተኛ ግብር የክልል ነው። ስለዚህ ሥልጣኑ አለ። ግን ክልሎች በአብዛኛው የፌዴራሉን ምጣኔ እንዳለ ይወስዳሉ፤ ከሚያወጡት ወጪም ትልቁ ክፍል የሚመጣው ከፌዴራል ድጎማ ነው። ገንዘቡን የሚያወጣው አካል ገንዘቡን ለማምጣት ብዙም ካልደከመ ስለ አወጣጡ ከፋዩን ለምን ይፈራል? ከነጻ ገበያ ሰዎች ጋር የማልስማማበትም አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። የግዛቶች ፉክክር ግብርን ዝቅ ያደርጋል ይላሉ፤ ሰው ግብር ሲከብደው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ጎረቤት ግዛት ስለሚሄድ። የእኔ ባለ ብሎኬት ግን ግብር ከበደው ብሎ ማሽኑን ነቅሎ ሌላ ክልል አይገባም። ዱቤ የሚሰጠው እዚህ ነው፣ ዕድሩ እዚህ ነው፣ ሲታመም የሚጠይቀው ሰው እዚህ ነው። በእግሩ መምረጥ የማይችል ሰው በድምፁና በወረቀቱ ካልተጠበቀ ፉክክር የሚሉት ነገር አይደርስለትም።

ግብር መቀነስ ብቻውን ጽድቅ አለመሆኑን ደግሞ ካንሳስ አሳይታናለች። በ2012 እ.ኤ.አ. አገረ ገዥው ሳም ብራውንባክ የገቢ ግብርን በብዙ ቀነሱ፤ ከፍተኛው ምጣኔ ከ6.45 ወደ 4.9 በመቶ ወረደ፤ የብዙ አነስተኛ ንግዶች ባለቤቶች ከንግዱ የሚያገኙት ትርፍም ጨርሶ ከግዛቱ የገቢ ግብር ወጣ። ወጪው ግን በዚያው ልክ አልተቀነሰም። ይመጣል የተባለው ዕድገት ቀዳዳውን አልሞላም፤ በጀቱ ተናጋ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች የሚበዙበት ምክር ቤት የአገረ ገዥውን ተቃውሞ ሽሮ ግብሩን መልሶ ከፍ አደረገው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ለእኔ ለሂሳብ ሠራተኛዋ ከሁሉ የባሰው ጥፋት በአምስት ዓመት ውስጥ ሕጉ ሄዶ መመለሱ ነው። ካንሳስ ውስጥ የእኔ ቢጤ "ዘንድሮ ስንት ይሆንብኛል" ሲባል ምን እያለ እንደመለሰ አስባለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር ልምጣ፤ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ሲመረቅ ከተማው እንዴት እንደተደሰተ አስታውሳለሁ። መንግሥት በብዙ ሚሊዮን ዶላር ሼዱን ሠርቶ፣ መንገዱን አንጥፎ፣ ለሚገቡት ባለሀብቶች የግብር እፎይታ ሰጥቶ፣ ጉዳያቸውን በአንድ መስኮት እጨርስላቸዋለሁ ብሎ ተቀበላቸው። ከገጠር የመጡ ብዙ ልጃገረዶች ሥራ አገኙበት፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ከዚያ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደረሰ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ደግሞ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የመላክ ዕድላችን ታገደ። ሁለቱም የፓርኩ ጥፋት አይደሉም።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። ባለ ብሎኬቱ ደንበኛዬ የሚሠራው ከዚያ አጥር ውጭ ነው። ትራንስፎርመር ለማስገባት ደጅ የጠናበት ዘመን ልጁ ክፍል እስኪያልፍ ቆይቷል። ንግድ ፈቃዱን በየዓመቱ ሲያድስ ክሊራንስ ከአንዱ ቢሮ፣ የኪራይ ውል ከሌላው፣ ማረጋገጫ ከሦስተኛው ያመጣል፤ ከሦስቱ አንዱ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። የግብር እፎይታ የሚባል ነገር በሬዲዮ ሰምቷል። አንድ ቀን "የውጭ ዜጋ ብሆን ኖሮ አንድ መስኮት ይበቃኝ ነበር" አለኝ፤ ሳቅን። ለአንዱ በር ከፍቶ ለሌላው መስኮት መዝጋት የነጻ ገበያ ሥራ አይደለም። የአንድ መስኮቱ አገልግሎት ጥሩ ከሆነ ለምን ለሁሉም አይሆንም? አሜሪካ ውስጥም ነጻ ገበያን በእውነት የሚወዱት ሰዎች ይህን ዓይነቱን ልዩ ስጦታ ይቃወማሉ። ዊስኮንሲን በ2017 እ.ኤ.አ. ፎክስኮን ለተባለው የታይዋን ኩባንያ ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ማበረታቻ ቃል ገባች፤ ኩባንያውም 10 ቢሊዮን ዶላር አፈስሳለሁ፣ እስከ 13,000 ሰው እቀጥራለሁ አለ። በ2021 እ.ኤ.አ. ውሉ ሲከለስ የኩባንያው ቃል ወደ 672 ሚሊዮን ዶላርና ወደ 1,454 ሠራተኛ ወረደ፤ የግዛቷም ስጦታ ወደ 80 ሚሊዮን። መሬታቸውን ለፋብሪካው ብለው የለቀቁት ሰዎች ግን ውላቸው አልተከለሰም።

ግብሩ ትንሽ የሆነበት አገር ደንቡም ትንሽ ነው ብሎ የሚያምን ካለ የቴክሳስን ሹሩባ ላጫውተው። የአክስቴ ልጅ ዳላስ ትኖራለች፤ ደሴ ሳለች ለሰርግና ለዓመት በዓል የሰፈሩን ሴት ሁሉ የምትሠራ እጇ የተባረከ ልጅ ነበረች። ቴክሳስ የደመወዝ ግብር የላትም፤ ይሁንና በ1997 እ.ኤ.አ. እዚያው ዳላስ ውስጥ አንዲት ሹሩባ ሠሪ ያለ ፈቃድ ሠራሽ ተብላ በፖሊስ ተይዛለች። ኋላ ሹሩባ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ልክፈት ስትል ወንበሮች ደርድሪ፣ የፀጉር ማጠቢያ ገንዳ ትከይ፣ ወደ 186 ካሬ ሜትር የሚሆን ቤት ይኑርሽ ተባለች። ሹሩባ ለማስተማር ገንዳ! እናቶቻችን በረንዳ ላይ፣ ልጅቷን በጉልበታቸው መካከል አስቀምጠው፣ በቅቤና በማበጠሪያ ያስተማሩትን ሙያ። በ2015 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ፍርድ ቤት ይህ ግዴታ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይሄድም አለ፤ በዚያው ዓመት የግዛቷ ምክር ቤት ሹሩባ ለመሥራት ፈቃድ አያስፈልግም ብሎ ወሰነ። የአክስቴ ልጅ ዛሬ በቤቷ ትሠራለች።

እዚህ የብቃት ማረጋገጫ የሚባል ወረቀት አለን። ለመድኃኒት ቤት፣ ለኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ ለሥጋ ቤት ይሁን፤ ሰው ይሞታልና እቀበላለሁ። የጨርቅ ሱቋ ደንበኛዬ ጎን ለጎን ጥልፍ ልጀምር ስትል ግን የማሽን ብዛት፣ የክፍሉ ስፋት፣ የሠራተኛዋ የትምህርት ማስረጃ ተጠየቀች። ጠላፊዋ ከወረኢሉ የመጣች ሴት ናት። ማስረጃዋ የጠለፈችው ቀሚስ ነው። ጥልፉ ቢበላሽ የሚጎዳው ማን ነው? ገዢዋ አይታ ትተወዋለች፤ አለቀ። ጥልፉ አሁን የሚሠራው በጓሮ ነው፤ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ግብር። እኔም በመዝገቤ አላውቀውም።

ባለ አይሱዙው ደግሞ ሌላ ዓለም አለው። ከኮምቦልቻ ወጥቶ በየከተማው መግቢያ ገመድ ይጠብቀዋል። አንዳንዱ ደረሰኝ ያለው የኮቴ ክፍያ ነው፤ አንዳንዱ ደረሰኝ የለውም፤ ደረሰኝ ያለው ራሱ ባለፈው ወር ከከፈለው ጋር አይገናኝም። እኔ ዘንድ ሲመጣ ከኪሱ የተጨማደደ ወረቀት ያወጣና "ይህቺን አስገቢልኝ" ይለኛል፤ ግማሹን ማስገባት አልችልም፣ ሕጋዊ ወጪ አይደለማ። ስለዚህ ያልተረፈውን ትርፍ አትርፏል ተብሎ ግብር ይከፍልበታል። ድሮ ሲራራ ነጋዴ በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ ከሸዋ ወሎ፣ ከወሎ ጎንደር ሲሄድ እንደነበር አያቶቻችን አውርተውናል። አሜሪካኖች በ1787 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥታቸውን ሲጽፉ ግዛቶች ያለ ኮንግረሱ ፈቃድ በገቢና በወጪ ዕቃ ላይ ቀረጥ እንዳይጥሉ ከለከሉ። እኛ ዘንድ የሽንኩርት ዋጋ ላይ ያለው ገመድ ስንት እንደሆነ እስኪ አንድ ሰው ይቁጠርልን።

ሐጂ ይህን ሁሉ ሰምተው አንድ ቀን ተቆጡኝ። "አንቺ ልጅ፣ ያን ጊዜ ከተማው ሲዘረፍ የት ነበርሽ? ሆስፒታሉን ማን መልሶ አቆመው፣ ገበያው?" አሉ። መጋዘናቸው ከተዘረፈባቸው አንዱ ናቸው። ልክ ናቸው፤ መንገድና ጤና ጣቢያ በተአምር አይሠራም፤ አገራችን ከጠቅላላ ምርቷ በግብር የምትሰበስበው ከአሥር በመቶ በታች ነው፤ በዓለም ዝቅተኛ ከሚባሉት ውስጥ ናት። ታዲያ ነጋዴው ለምን ከበደኝ ይላል? የሚከፍሉት ጥቂቶች ስለሆኑ ነው። ደረሰኝ የሚቆርጠው ሱቅ በማይቆርጠው ሱቅ ጎን ሆኖ በዋጋ ይሸነፋል፤ ኦዲተር የሚመጣው ደግሞ ደረሰኝ ወዳለው ነው፤ ወረቀቱ እዚያ ነዋ። ሐጂም ራሳቸው የዚህ የወረቀት ሕግ ቅጣት ደርሶባቸዋል። ኪሳራን ወደሚቀጥለው ዓመት ለማሸጋገር የሂሳብ መዝገብ ያስፈልጋል፤ የእርሳቸው መዝገብ ከእህሉ ጋር ሄዷል። እህሉን የወሰደው ሰው መዝገቡን ምን እንዳደረገበት አላህ ይወቀው። ይህን ሳነሣባቸው ዝም አሉና፣ "እሱስ ልክ ነሽ፤ ለእህሉ እንኳ አብሽር ብዬ ትቼው ነበር፣ ለመዝገቡ ነው የተቃጠልኩት" አሉኝ።

ወጪውን በተመለከተ የምጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም። ከዓመታት በፊት በየወረዳውና በየከተማው የበጀት ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር፤ ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል፣ ለውሃ ይህን ያህል ብሎ ማንም ሰው በሚገባው ቋንቋ የተጻፈ። አንዱን እኔም ቆሜ አንብቤዋለሁ፤ ፀሐይ ያወየበው ወረቀት ነበር፣ ዓመተ ምሕረቱም አልፎበታል፣ ግን ቁጥር ነበረበት። ቴክሳስ የግዛቷን ክፍያ ለማን ስንት እንደተከፈለ በኢንተርኔት ታሳያለች፤ እኔ ያን ያህል አልመኝም። ሰሌዳው ላይ ከታቀደው ጎን ለጎን በተግባር የወጣው ይጨመርበት። ለመኪና ነዳጅ፣ ለውሎ አበል፣ ለስብሰባ መስተንግዶ የወጣውም ለብቻው ይጻፍ። ባለፈው ሰኔ ይህንኑ በአንድ የግብር ከፋዮች ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ጠየቅሁ። መድረክ ላይ የነበሩት ሰውዬ ማስታወሻ ያዙ፤ "ጥሩ አስተያየት ነው፣ በቀጣይ እናየዋለን" አሉ። ከዚያ ሻይ ቀረበ፤ ከሻዩ ጋር የመጣው ዳቦ የደንበኛዬ ነበር፤ ደረሰኙን እኔው ቆርጫለሁ።